በጮቄ ጀርባ፣ ከቤት ወደ ቤት

በምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያየ፣ ብቸና ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያየ፣ ሞጣ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ያየ፣ ሦስቱም የሚያዩት አንድ ተራራ ነው። ጮቄን። ጮቄ ግን ለዓይን አይቸኩልም። እንደ ስሜን ገደል የለውም፣ ጫፉ ሾሎ ሰማይ አይወጋም። በሰፊው ተነጥፎ፣ ዝግ ብሎ ተነሥቶ፣ አናቱ ላይ ደመና ደፍቶ የሚውል ጀርባ ነው። ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ ያለ። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ዐለት ደጋግሞ እየፈሰሰና አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ የሠራው እሳተ ገሞራ ስለሆነ ነው እንዲህ የተንጣለለው። ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ወጪው ግን ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ መውጣቱ እንኳ አይታወቀውም።

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ ከጎጆ ወደ ጎጆ መራመድ የቆየ ልማድ ነው። የስዊዘርላንድ የተራራ ወጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1863 ሲመሠረት በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ማደሪያ ጎጆውን ተራራ ላይ ሠራ፤ ዛሬ ከ150 በላይ አሉት። ተራማጁ ጠዋት ከአንዱ ይነሣል፣ ከፍ ያሉ ማለፊያዎችን ያቋርጣል፣ ማታ ሌላው ጎጆ ሾርባና አልጋ ይዞ ይጠብቀዋል። ጎጆዎቹ የተሠሩት ለሚያልፈው ሰው ነው፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር የለም።

ጮቄ ላይ ነገሩ ተገላብጦ ነው የሚገኘው። እስከ ላይ ድረስ ሰው አለ። እስከ ላይ ድረስ ቤት አለ፣ እርሻ አለ፣ ውሻ አለ። ማለፊያውን ደግሞ በየሳምንቱ ድንች የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ ቅቤ በቅል የያዘች ሴት፣ ትምህርት ፍለጋ የወጣ የቆሎ ተማሪ ይሻገሩታል። አንዳቸውም ያንን የእግር ጉዞ ብለው አይጠሩትም፤ ገበያ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ዘመድ መጠየቅ ነው። ሲመሽባቸው የሚያድሩበት ጎጆም አላቸው፤ የሌላ ሰው ቤት። ለዚህ ነው ጮቄን በእግር ማቋረጥ ተራራ ከማየት ይልቅ ቤተኛ መሆንን የሚመስለው።

ይህ የምተርከው ጉዞ በኅዳር ነው፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከመቀስቀሱ በፊት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ለእንግዳ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ልሂድ የሚል ሰው ከአገሬው ሳይጠይቅ መነሣት የለበትም።

መነሻችን በስናን ወረዳ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ያለ መንደር ነበር። መድረሻችን ከጀርባው ወዲያ፣ በቢቡኝ በኩል፣ ወደ ድጎ ጽዮን በሚያወርደው አቅጣጫ ያለ ሌላ መንደር። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ ወጥቶ ጮቄን የሚያቋርጥና በድጎ ጽዮን በኩል ሞጣ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አለ። እኛ ግን የአህያውን መንገድ ነው የያዝነው። መኪናው የሚዞረውን አህያው ያቋርጠዋል።

ያደርንበት ቤት ሣር ክዳን ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ዝቅ ያለ። ከመሐል ምድጃው አለ፣ ዙሪያውን መደብ ተሠርቷል፣ ከአንዱ ወገን ጥጆችና በጎች ያድራሉ። ለከተማ ሰው ይህ ሽታ ነው፤ ለቤቱ ሰው ግን ሙቀት ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ በኅዳር ሌሊት የከብት ትንፋሽ ከማገዶ ይቆጠራል፤ ማገዶው ራሱ ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነውና ማንም አያባክነውም። የቤቱ እመቤት ከንጋቱ በፊት ተነሥታ የገብስ ቆሎ ቆልታ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝና "ላዩ ላይ ነፋሱ ሆድ ይበላል፤ እየቆረጠማችሁ ሂዱ" አለችን። በኋላ እንደገባኝ ይህ ጨዋታ አልነበረም።

ስንወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኖ ነበር። እግር ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ቀልጦ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይጋገራል። ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀ ከፍተኛ ተራራ እንዲህ ነው። በዓመቱ ወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ሲሆን በቀኑና በሌሊቱ መካከል ያለው ግን ብዙ ነው። ዕፅዋቱም የሚኖሩት ለዚህ የየዕለት ፍልሚያ ታጥቀው ነው።

ከሁሉም የታጠቀው ጅብራ ነው። ከመንደሩ ርቀን፣ እርሻው ሳሳ ብሎ የጓሳ ሣሩ ሲጀምር፣ አንድ በአንድ ይታይ ጀመር። ከታች ግንድ፣ ከግንዱ አናት ረዣዥም ወፍራም ቅጠሎች በክብ የተሰደሩበት ዘውድ። በማለዳ ስንደርስባቸው ቅጠሎቹ ወደ መሐል ተጠጋግተው ተጨብጠው ነበር፤ ሌሊቱን መሐል ያለችው ለጋ እምቡጥ በውርጭ እንዳትሞት የሚሸፍኗት እነሱ ናቸው። ፀሐዩ ሲበረታ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። አንዱን ቀረብ ብዬ ዳሰስኩት፤ ቅጠሉ ቆዳ ይመስላል፣ መሐል አጥንቱ ጠንካራ፣ ሥሩ ላይ የሌሊቱ ውኃ ተጠራቅሟል። ከደረቁት አሮጌ ቅጠሎች መሐል የገባ አንድ ትንሽ ጥንዚዛ ከቅዝቃዜው ገና አልነቃም ነበር። ጅብራ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ቅጠል ብቻ እያወጣ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያበቅላል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። የሞቱት ግንዶች ጥቁር ሆነው ቆመዋል፤ ጭጋግ ሲወርድ ከሩቅ ሰው ይመስላሉ። አብሮን ይጓዝ የነበረ አንድ ወጣት በልጅነቱ ስንቴ እንደሸሻቸው እየሳቀ ነገረን።

አስታ ግን ጥቂት ነው። ቁጥቋጦው በገደሉ ዳር፣ በሬ በማይደርስበት ቦታ፣ ቆርጠው ያልጨረሱት ብቻ ቀርቷል። አምጃም እንዲሁ። ኮሶ ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ቀርከሃው ታች በወንዞች ዳር ይገኛል፤ ለአጥርና ለጣራ ስለሚፈለግ የተከለው ሰው ይጠብቀዋል።

እርሻው የት ያበቃል ብዬ እጠብቅ ነበር። አላበቃም። ጓሳው ውስጥም ገብስ ተዘርቶ አየሁ፤ ተዳፋቱ ላይ ሰው እንኳ ለመቆም በሚቸገርበት ቦታ ድንች ተተክሏል። ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ናቸው ይህን ብርድ የሚችሉት። ዝቅ ሲሉ ግብጦው ይመጣል፤ የደከመና አሲዳማ አፈር ስለሚችል፣ ማዳበሪያም ስለማይጠይቅ ጎጃሜ የሚመካበት እህል ነው። ፍሬው ግን መራራ ስለሆነ ለቀናት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ካልሆነ አይበላም፤ ወደ አረቄም የሚገባው ብዙ ነው። የላይኛው እርሻ ምክንያት ግልጽ ነው። አባት ለልጆቹ መሬት ሲያካፍል የታችኛው እየጠበበ ይመጣል፣ የመጨረሻው ልጅ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ የሚያርሰው ግጦሹን ነው፤ ጓሳው ሲታረስ ደግሞ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው አፈር ይላላል። ክረምት ሲገባ አፈሩ በጎርፉ ተጠርጎ ይሄዳል።

ይህ አፈር የሚሄድበትን ማወቅ አያስቸግርም። ጮቄ የወንዞች ራስ ነው። ሙጋና ሱሓ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብቸና ወገን ይወርዳሉ። ጨሞጋ ደብረ ማርቆስን ታክኮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ተምጫ በአማኑኤልና በደምበጫ መካከል አልፎ ከብር ወንዝ ይገናኛል። አባይ ጎጃምን ከብቦ ስለሚዞር ሁሉም በመጨረሻ እሱ ጋ ይደርሳሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከሚይዘው ውኃ የተወሰነው ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ከሚከማችበት ደለልም እንዲሁ። የጮቄን ገበሬ "ላዩን አትረስ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አለማረሱ የሚያሳጣውን የሚተካለት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለ። ጓሳው ለጣራ ክዳንና ለከብት መኖ የሚታጨደው በቄሮ ሥርዓት ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ መሬቱን ለዓመታት ዘግቶ፣ ራሱ ጠብቆ፣ ራሱ ከፍቶ የሚያጭድበት ሥርዓት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ቦታውም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ስሜን ላይ ደግሞ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ጮቄ ላይ ግን ነገሩ ገና አልተቋጨም። ሰውና ተራራው ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል።

ማለፊያው ላይ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። 4,000 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ካለው ከስድሳ በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ እግር ሳይሆን ሳንባ ነው የሚደክመው። ነፋሱ ከምዕራብ ይመጣል፣ ጋቢ ይገልጣል፣ ሆድ ይገባል። የቆሎው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ጀርባው ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ በሩቅ በምሥራቅ ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ አባይ በረሓ ይጠፋል። አርበኛው በላይ ዘለቀ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላትን መግቢያ መውጪያ ያሳጣበት አገር ያ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን አንከፍልም ብሎ የተነሣው የጎጃም ገበሬ ካመፀባቸው ወረዳዎች ብቸናና ሞጣ ይገኙበታል። ይህን ስታይ መንግሥታት ይህን አገር ለመቆጣጠር ለምን እንደተቸገሩ ለመረዳት ካርታ አያስፈልግህም።

እዚያ ላይ ድንች የጫኑ አህዮች አገኙን። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱ በረባሶ የተጫሙ፣ አንደኛው ዝናብ ባይኖርም ገሳውን ጀርባው ላይ ጥሎ። "ደህና ዋላችሁ" አሉን፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብለን ተላለፍን። ከኋላቸው ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ ልጅ ነበር፤ ቅኔ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ሙያ የታወቀ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ሩቅ አይደለም፣ ደብረ ወርቅና መርጦ ለማርያምም በዚሁ ዙሪያ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከልጅነት ትምህርታቸው ከፊሉን ያገኙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ"ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥም ዲማ አለ። የቆሎ ተማሪ ስንቁን "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ከደጅ ደጅ ይለምናል፣ ማታም የሚያስጠጋው ቤት አያጣም። የአልፕስ ማኅበር ከመቋቋሙ ከመቶ ዓመታት በፊት በዚህ አገር ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርስ፣ ማደሪያና ራት ያለው መንገድ ነበረ ማለት ነው። የሌለው ዋጋ ዝርዝሩ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ጉልበት ይይዛል፣ ጥፍር ያስወልቃል። በቢቡኝ በኩል ሸለቆው እርጥብ ነው፤ በየዳገቱ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ የምንጩ ዙሪያ በረግረግ ሣር የተሸፈነ ስለሆነ እግር ይሰምጣል። በሬ የሚያጠጡ ልጆች እኛን ሲያዩ እየሮጡ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀች። ስንነግራት ቀኑ ሲመሽ የት እንደምናድር ጠየቀች። "አናውቅም" ስንላት በጣም ደነገጠች፤ እየመራች ይዛን የሄደችው ወደ አያቷ ቤት ነው።

አያ ከበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። "የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን" አልን። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ" አሉ። የሚባለው ይኸው ብቻ ነው። ውኃ ሞቀ፤ እግራችንን አጠቡን። ይህን ሥርዓት በወሬ የሚያውቅ ከተሜ ሲደርስበት ያፍራል። በዕድሜ የገፋች እናት ጎንበስ ብላ እግርህን ስታጥብ የምትለው ይጠፋሃል፤ ዝም ማለት ይሻላል። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ጠላ መጣ። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እየተባልን ከሚበቃን በላይ በላን፤ የቤቱ ልጆች የበሉት ከእኛ በኋላ ነው። ጠዋት ስንነሣ ለቤቱ ሰው የሚተርፈው እህል ምን ያህል እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

ጠዋት ብር ሳወጣ አያ ፊታቸውን አዞሩ። አልተቆጡም፤ ግን "እህሉን ሸጥንላችሁ እንዴ?" አሉ። ያመጣሁትን ስኳርና ቡና ግን ወሰዱ፤ ያ እጅ መንሻ ነው። ያመጣሁትን ደብተርም ልጅቷ ተቀበለች። አንዱን ስጦታ አንዱን ዋጋ የሚያደርገው መሥመር ለእኔ ግልጽ ባይሆንም ለእሳቸው ፍጹም ግልጽ ነበር።

ይህን የስጦታና የዋጋ ጥያቄ ሰሜን ወሎ ውስጥ መቄት ላይ ፈትተውታል ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ የሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በመቄት ገደሎች አፋፍ ላይ፣ መቋት ማርያምን በመሰሉ ቦታዎች፣ ለተራማጅ የሚሆኑ ጎጆዎችን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሠራ። እንግዳው ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣው በአህያ ይሄዳል፣ መንገዱን የመንደሩ ሰው ያሳየዋል። ብሩን የሚቀበለው ያበላህ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ማንም እህሉን አልሸጠም። ብሩ ለወፍጮ ወይም መንደሩ ለተስማማበት ሌላ ነገር ሊውል ይችላል፤ ምግብ ያበሰለችው፣ አህያ ያቀረበው፣ መንገድ የመራው የድካማቸውን ያገኛሉ። ከዚህ የተሻለ ብልሃት ለጎጃም ደጋ አላውቅም።

ጮቄም ከዚህ ዓይነቱ ነገር ሩቅ አይደለም። ሙሉ ኢኮ ሎጅ በአገሬው ጎጆ አሠራር እንግዳ መቀበል ጀምሯል፤ የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርም እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው መካከል አንዱ ሆኗል። ሽልማቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሎጅ አንድ ማደሪያ ነው፤ የሚያስፈልገው በጀርባው በሁለቱም ወገን ከእግር ጉዞ አንድ ቀን ርቀት ላይ ተራርቀው የቆሙ ማደሪያዎች ናቸው። ያኔ ነው ከስናን ተነሥቶ ቢቡኝ ያደረ ሰው በነጋታው ወደ ሞጣ የሚዘልቀው።

ከሞጣም ወዲያ መንገዱ አያበቃም። ወደ ሰሜን፣ አባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ተሠርቶ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ የነበረ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ የተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። በገመድ የሚሻገሩትን ሰዎች ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ግንበኛ መጥቶ ድልድዩን ጠገነ፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለው ድርጅትም የተወለደው ከዚህ ነው። ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የጮቄን ማለፊያ የተሻገረ ገበያተኛ የሚቀጥለው ማለፊያው ይኸው ነው፤ አንዱ በአየሩ ሳስቶ ሌላው በውኃው በርትቶ።

ወደ አያ ቤት ልመለስ፤ ቡና ስንጠጣ የመቄቱን ነገር አነሣሁ። ጎረቤቶች ገብተው ነበር። ሐሳቡን ማንም አልጠላውም፤ ክርክሩ ወዲያው የተነሣው ስለ ቦታው ነው። አንዱ ጎጆው ከምንጩ አጠገብ ይሁን አለ፤ ሌላው እዚያ ረግረግ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ይሻላል አለ። ሦስተኛው ስለ አህያ ተራ አነሣ፤ ሁለት አህያ ያለው ሁለት ተራ ያገኛል ወይስ አንድ? አያ ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ ሴት ካልገባች ምግቡን ማን ሊያስብበት ነው ብለው ጠየቁ፤ ባለቤታቸው ከምድጃው ዘንድ ሆነው "እኔን አትመልከቱ፣ እኔ ገንዘብ ያዥ ነው የምሆነው" አሉ።